በአርዲቦ ዳር የምንበላው ሩዝ ዋጋው ለምን ኒው ዴልሂ ላይ ይወሰናል?

በሐይቅ ከተማና በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሰርግ ሲደገስ፣ ሰደቃ ሲወጣ፣ ረመዷን ሲገባ ሩዝ ይገዛል። የሚሸጥልን ባለሱቅ ጎረቤታችን ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው ግን እሱ አይደለም። ከውጭ የሚገባው ሩዛችን አብዛኛው የህንድ ነው። በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል፤ የሚከፈለውም በዶላር ነው።

ህንድ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ሩዝ 40 በመቶ ያህሉን የምታቀርብ አገር ናት። በዓለም ከሚመረተው ሩዝ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ የሚሸጠው ከ10 በመቶ ብዙም አይበልጥም፤ ቀሪው በተመረተበት አገር ይበላል። ስለዚህ ትልቋ ሻጭ በሯን ስትዘጋ ገዢው ሁሉ በቀረችው ጥቂት ሩዝ ላይ ይሻማል።

ይህንን በቅርቡ አይተነዋል። ህንድ ሐምሌ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ አገደች። የዝናቡ ሁኔታ አስተማማኝ አልነበረም፤ የአገር ውስጥ ዋጋ ንሯል፤ ምርጫም እየቀረበ ነበር። በቀጣዩ ወር የዓለም የሩዝ ዋጋ በ15 ዓመታት ውስጥ ያልታየ ደረጃ ላይ ደረሰ። እገዳው የተነሳው መጋዘኖቿ ከሞሉ በኋላ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ህንድ ያስቀደመችው የራሷን ሕዝብ ነው፤ በዚህ ልንወቅሳት አንችልም። መጠየቅ ያለብን ራሳችንን ነው።

አርዲቦ ውሃ አለው፤ ነገር ግን ሩዝ ከውሃ ሌላ ሙቀትም ይፈልጋል፤ የደጋው ቅዝቃዜ ፍሬ እንዳይቋጥር ያደርገዋል። የአገራችን የሩዝ ማዕከል ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ይህ መሬት ከ50 ዓመት ገደማ በፊት ሩዝ ገባለት። ዛሬ ገበሬው ሩዙን አጭዶ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ይገኛል።

ታዲያ የፎገራ ሩዝ ለምን የህንዱን አይተካም? ትልቁ ችግር ከአጨዳ በኋላ ያለው ነው። የተለያየ ዝርያ ይደባለቃል፤ በደንብ ያልደረቀ ወይም ከመጠን በላይ የደረቀ ሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ይሰባበራል፤ ጠጠርም አይጠፋውም። በዚህ የተነሳ ብዙው ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ሩዙን ሳይፈለፍሉ ዘፍዝፎ፣ በእንፋሎት አብስሎ፣ እንደገና ማድረቅ ስብራቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ህንድ በብዛት ከምትሸጠው ሩዝ አንዱ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ነው።

ከፎገራዋ ወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚደርስ መንገድ አለ፤ ከወልድያ ሐይቅ ደግሞ ቅርብ ነው። ለሰደቃና ለዒድ በጋራ የሚገዙ ጀመዓዎቻችን «የፎገራ አለህ? የተለቀመ ነው?» ብለው ነጋዴውን ቢጠይቁ ትንሽ ነገር አይደለም። ዘካተል ፊጥርም የሚወጣው የአገሩ ሰው ከሚመገበው እህል ነውና፣ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ የፎገራው ሩዝ ከባሕር ማዶው አያንስም። ጠያቂ ገዢ ሲኖር ባለመፈልፈያው ለጥራት ይተጋል፤ ገበሬውም ይጠቀማል። ያኔ ኒው ዴልሂ በሯን ብትዘጋ እንኳ የእኛ ድስት ባዶ አይሆንም፣ ኢንሻአላህ።