ጥቅምት 30ን ያልተቀበለው ዳታቤዝ፦ የቴክኒክ ጥያቄ አጠያየቅና የሻካራ ምላሽ አያያዝ

በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳ ዙሪያ፣ የጤፍ ዝርያዎችን የብስለት ጊዜ የሚያጠና ተመራማሪ አለ እንበል። የዘርና የአጨዳ ቀኖችን የሚመዘግበው ገበሬው በሚነግረው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። መረጃውን ወደ ፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ሲያስገባ ጥቅምት 30 ቀን 2016ን «2016-02-30» ብሎ ይጽፋል፤ ዳታቤዙም ቀኑ ከወሰን ውጭ ነው ብሎ ይመልሰዋል። «ዳታቤዙ ትክክለኛ ቀን ለምን አይቀበልም?» ብሎ በውጭ አገር ለሚገኙ ባለሙያዎች ቢጽፍ፣ «መጀመሪያ የወራትን ቀን መቁጠር ተማር» የሚል ዘለፋ ሊደርሰው ይችላል።

ዘለፋው ተገቢ አይደለም፤ ሆኖም በውስጡ አንድ እውነት ይዟል። የዳታቤዙ የቀን ዓምድ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ «02» ለእርሱ ጥቅምት ሳይሆን ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪም 30ኛ ቀን የለውም። መላሹ የተመራማሪውን አቆጣጠር አያውቅም፤ ጠያቂውም አልነገረውም። አለመግባባቱ የተወለደው ሳይነገር ከቀረው ነገር ነው።

ይበልጥ አሳሳቢው ግን ዳታቤዙ ያለ ተቃውሞ የሚቀበላቸው ቀኖች ናቸው። ሐምሌ 1 ቀን 2015 ተዘርቶ ኅዳር 1 ቀን 2016 የታጨደ ጤፍ፣ የጳጉሜን 6 ቀናት ጨምሮ 126 ቀናት ወስዷል። ቀኖቹ «2015-11-01» እና «2016-03-01» ተብለው ቢመዘገቡ ግን ኩዌሪው የሚያወጣው ልዩነት 121 ነው። አምስቱ ቀናት ምንም የስሕተት መልእክት ሳይታይ ይጠፋሉ፤ የዝርያዎቹም ንጽጽር ይዛባል። ተመራማሪው በዘለፋው ተቀይሞ 30ን ወደ 29 ለውጦ ቢያልፍ ኖሮ ይህ ስሕተት እስከ መመረቂያ ጽሑፉ ድረስ ይከተለው ነበር።

ስለዚህ ጥሩ ጥያቄ ለመላሹ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ይቀርባል፦ የዳታቤዙን ስምና ስሪት፣ የሠንጠረዡን ዓምዶችና ዓይነታቸውን፣ የገበሬዎች ስምና ስልክ የወጣላቸው ጥቂት ረድፎችን፣ የተጻፈውን ኩዌሪ፣ የስሕተት መልእክቱን ቃል በቃል፣ እንዲሁም የተጠበቀውንና የተገኘውን ውጤት። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል፤ ይኸውም ቀኖቹ 13 ወራት ባሉት አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን የሚገልጽ ነው።

ሻካራ ምላሽ ሲደርስ ስድቡን ከቴክኒኩ መለየት ይገባል። ስድቡ መልስ አያስፈልገውም። ቴክኒካዊው ነጥብ ግን በጥቂት ረድፎች ላይ ይፈተናል፤ እውነት ሆኖ ከተገኘም ጥያቄው ተስተካክሎ እንደገና ይቀርባል። ምላሹ ከስድብ በቀር ምንም ካልያዘ በዝምታ ማለፍ ይበቃል።

ከላይ ለተነሣው ችግር መፍትሔው፣ ቀኑን ወደ ጎርጎርዮስ ለውጦ በቀን ዓምድ ማስቀመጥና ለአንባቢ ሲቀርብ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መመለስ ነው፤ በዚህ መሠረት ጥቅምት 30 ቀን 2016 «2023-11-10» ተብሎ ይመዘገባል። መጀመሪያ የተመዘገበውም ቀን ለማመሳከሪያ በሌላ ዓምድ ይቆያል። ጠያቂው ያገኘውን መፍትሔ ከጥያቄው ሥር ጽፎ ቢያኖር፣ ነገ ጳጉሜን 3ን ለማስገባት የሚቸገር ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ዘለፋ ሳይቀምስ መልሱን ያገኛል። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለው ብሂል የሚሠምረው ጠያቂው ያገኘውን ለሌላው ሲያስተላልፍ ጭምር ነው።