ነፍሰ ጡር እስረኛ፦ ከአዋላጇ በፊት ዳኛው

ስለ ነፍሰ ጡር እስረኞች ሲነሳ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው የጎደለው ነገር ነው፤ አዋላጅ የለም፣ አምቡላንስ ይዘገያል፣ ምግቡ ለሁለት ነፍስ አይበቃም። ቅሬታው እውነት ነው፤ የችግሩ ሥር ግን ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 እንግሊዝ ውስጥ፣ ብሮንዝፊልድ በተባለው የሴቶች ወህኒ ቤት፣ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት ሌሊት ምጥ ያዛት። ክፍሏ የጥሪ ደወል ነበረው፤ ደውላ ነርስ እንዲጠሩላት ጠየቀች፤ የመጣላት ሰው አልነበረም። ብቻዋን ወልዳ እትብቱን በጥርሷ ቆረጠች። ሕፃኗ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ስታያል በተባለ ሌላ ወህኒ ቤት አንዲት እስረኛ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሞተ ልጅ ወለደች፤ ሕመሟ የወር አበባ ቁርጠት ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። ሁለቱም የደረሱት ነርስም ሆስፒታልም በማይታጣበት ሀብታም አገር ነው። ውጭ ያለች ነፍሰ ጡር ደም ካየች ጎረቤት ጠርታ፣ ታክሲ ይዛ ትሄዳለች። እስረኛዋ ግን መጀመሪያ ተረኛውን ጠባቂ ማሳመን አለባት፤ እሱ ነርሷን፣ ነርሷ አለቃውን፤ ከዚያም አጃቢና መኪና ይፈለጋል። ሕመሙ እውነት መሆኑን የሚወስነው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። የእንግሊዝ የእስር ቤቶች እንባ ጠባቂ በ2021 ባወጣው ሪፖርት በእስር ላይ ያለ እርግዝና ሁሉ ከፍተኛ አደጋ እንዳለበት ይቆጠር ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እስካሁን የታዩት ማሻሻያዎች በብዛት ያተኮሩት ነፍሰ ጡሮችን በሰንሰለት ማሰርን በማስቀረት ላይ ነው። ለንደን ውስጥ በ1996 ምጥ ላይ ያለች እስረኛ በሰንሰለት ታስራ መታየቷ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ አሜሪካም በ2018 ባወጣችው ሕግ በፌዴራል እስር ቤቶች ነፍሰ ጡሮችን ማሰሪያ ውስጥ ማስገባትን ገደበች። የ2010ሩ የተባበሩት መንግሥታት የባንኮክ ደንቦችም በምጥና በወሊድ ጊዜ ማሰርን ይከለክላሉ፤ ነገር ግን ከዚያ አልፈው ለነፍሰ ጡሮች ከእስር ውጭ ያለ ቅጣት እንዲመረጥ ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸኛው ነው። የብራዚል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2018 በቅድመ ፍርድ እስር ላይ የነበሩ ነፍሰ ጡሮች ወደ ቤት ውስጥ እስር እንዲዛወሩ ወሰነ፤ በኃይል ድርጊት ወይም በልጆቻቸው ላይ በተፈጸመ ወንጀል የተከሰሱትን ሳይጨምር። እንግሊዝም ከ2024 ጀምሮ እርግዝና ቅጣት ማቅለያ ሆኖ እንዲታይ አድርጋለች።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ጣሊያን በ2025 የነፍሰ ጡሮችን ቅጣት የማዘግየት ግዴታ አንስታ ለዳኛ ፈቃድ ትታዋለች፤ የለውጡ ደጋፊዎች በእርግዝና እየተከለሉ ደጋግመው የሚሰርቁ ኪስ አውላቂዎችን ይጠቅሳሉ። ማዘግየት ግን ምሕረት አይደለም፤ ቅጣቱ ይጠብቃታል። ጥቂቶች ይጠቀሙበታል ተብሎ በሁሉም ነፍሰ ጡሮች ላይ በር መዝጋት ሚዛን የሳተ ነው። ሌሎች ደግሞ ለድሃዋ ሴት እስር ቤቱ ይሻላታል፣ ቢያንስ ትበላለች፣ ክትትል ታገኛለች ይላሉ። ለአንዳንዷ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚያሳየው ግን የእስርን ጥቅም ሳይሆን ውጭ ያለው አገልግሎት አሳፋሪ መሆኑን ነው።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርን እ.ኤ.አ. በ2002 አጽድቃለች። የቻርተሩ 30ኛ አንቀጽ ነፍሰ ጡሮችና የሕፃናት እናቶች ሲፈረድባቸው ከእስር ውጭ ያለ ቅጣት ሁልጊዜ አስቀድሞ እንዲታይ ያዛል። ስለዚህ ለማረሚያ ቤቶች አልጋና አዋላጅ የሚጠይቁ ወገኖች፣ ጠበቆችም ጭምር፣ ይህን አንቀጽ በዋስትናና በቅጣት ክርክር ላይ ይጥቀሱት፤ ዳኞችም የእስር ትእዛዙን ከመፈረማቸው በፊት ሴቲቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን ይጠይቁ።