ያውቁ ኖሯል? ጥይት የሚያስረው ክር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በልጅነትዎ ሳይሰሙ አልቀሩም። ድር አንበሳ ቀርቶ ጥይት እንደሚያስርስ ያውቁ ኖሯል? ብዙ ፖሊሶች ከሸሚዛቸው ሥር የሚለብሱት ጥይት መከላከያ ሰደርያ ጥይቱን የሚይዘው በብረት አይደለም። በክር ነው! ድርና ማግ ሆኖ የተሸመነ፣ ንብርብር በንብርብር የተደራረበ ክር!

ሰደርያው እንደ ግድግዳ አይመክትም፤ እንደ ጎል መረብ ነው የሚቀበለው! ኳስ መረብ ስትመታ ያረፈችበት ቋጠሮ ብቻ ሳይሆን መረቡ በሙሉ ይወጠር የለ? እዚህም ጥይቱ የነካው ክር ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን ይስባል። የመጀመሪያው ንብርብር ያቃተውን ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ያቃተውን ሦስተኛው ይረከባል። ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ሁሉም አልቋል!

ጥይቱስ? ድብልብል ሆኖ ገብቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል! የብዙ ሽጉጦች ጥይት ውስጡ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ ለስላሳ ነው። ክሩ ሲይዘው ጫፉ ተድጦ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል። በተዘረጋ ቁጥር ብዙ ክር ይነካል፤ ብዙ ክር በነካ ቁጥር ይበልጥ ይያዛል። ራሱን በራሱ ያስራል!

ዝነኛው ክር ኬቭላር ይባላል። እኩል ክብደት ካለው ብረት ጋር ቢወዳደር አምስት እጥፍ ይበረታል! ተራ መቀስ ሊቆርጠው ሲታገል ይዶለዱማል።

ለእኔ ግን ከክሩ በላይ የሚያስደንቀኝ የልደቱ ታሪክ ነው። እናቱ ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባሉ አሜሪካዊት ኬሚስት ናቸው። ሐኪም መሆን ይመኙ ነበር። ለሕክምና ትምህርት ገንዘብ ላጠራቅም ብለው እ.ኤ.አ. በ1946 ዱፖንት ኩባንያ ተቀጠሩ። በዚያው 40 ዓመት ቆዩ! በ1965 ይፈልጉ የነበረው ስለ ጥይት ጨርሶ አልነበረም፤ ለመኪና ጎማ የሚሆን ቀላልና ጠንካራ ክር ነበር። አንድ ቀን የበጠበጡት ውህድ እንደ አሬራ ቀጥኖና ደፍርሶ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደፋው ነበር! እሳቸው ግን ወደ መፍተያው ማሽን ወሰዱት። የማሽኑ ባለሙያ «ቀዳዳዎቹን ይደፍንብኛል» ብሎ አልፈትልም አለ። ለምነው አስፈተሉት። ናይለን በሚበጠስበት ጉልበት ያ ክር አልበጠስ አለ! ውጤቱን ራሳቸውም አላመኑትም፤ ደጋግመው ካስመረመሩት በኋላ ነው ለሰው የተናገሩት።

ከሰው በፊት ኬቭላር ለብሰው የተተኮሰባቸው እነማን እንደነበሩ ያውቃሉ? ፍየሎች! በዲሴምበር 1975 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሲያትል ከተማ አንድ ፖሊስ ተተኮሰበት፤ ኬቭላሩም አተረፈው።

ሪቻርድ ዴቪስ የተባለው የዲትሮይት ሰው ፒዛ ቤት ነበረው። ከዚያ ሰደርያ መሥራት ጀመረ። ገዢዎች እንዲያምኑት ምን አደረገ? ሰደርያውን ለብሶ በገዛ እጁ ደረቱ ላይ ተኮሰ! አንዴ እንዳይመስልዎ፤ በዓመታት ውስጥ ወደ 200 ጊዜ ገደማ!

ዛሬ ሰደርያ የሚፈተነው በጭቃ ነው! ቅርጻ ቅርጽ የሚሠራበት፣ በዘይት የተለወሰ ጭቃ ከጀርባው ይደረግና ይተኮስበታል። ጥይቱ ባያልፍ እንኳ በአሜሪካ መመዘኛ ጭቃው ከ44 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎደጎደ ሰደርያው ወደቀ! የተመታ ሰው ቆዳው ሳይበሳ የጎድን አጥንቱ ሊሰበር ይችላልና።

ከኬቭላር በፊትስ? በ1881 ጆርጅ ጉድፌሎ የተባሉ የአሪዞና ሐኪም በጥይት የተገደለ ሰው መረመሩ። ሰውየው ሞቷል፤ የሐር መሐረቡ ግን ከቁስሉ ውስጥ ሳይበሳ ተጎትቶ ወጣ! ከዓመታት በኋላ በቺካጎ አንድ ካህን፣ ካዚሚርዝ ዜግሌን፣ ጥይት የሚመክት የሐር ጨርቅ ሠሩ። በ1897 የፈጠራ መብት አገኙበት። ካህን!

ኮሪያውያንማ በ1860ዎቹ ከጥጥ ሠርተውት ነበር! ጥጡን ደራርበው ደራርበው ሰፉ። ይሞቅ ነበር፤ እሳትም ይይዘው ነበር!

አውስትራሊያዊው ሽፍታ ኔድ ኬሊ በ1880 የለበሰው ጥሩር ከማረሻ ብረት የተሠራ ነበር፤ ወደ 44 ኪሎ ይመዝናል! ፖሊሶች ምን አደረጉ? እግሩን መቱት!

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1912 ደረታቸው ላይ ተተኮሰባቸው። ጥይቱን ያዳከመው በኪሳቸው የነበረው 50 ገጽ ንግግርና የመነጽር ማኅደር ነው! ያንኑ የተበሳ ንግግር ይዘው ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። ጥይቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከደረታቸው አልወጣም!

ወደ ዛሬው ሰደርያ ስንመለስ፣ ለክላሽ ግን ጨርቅ ብቻውን አይበቃም! ጥይቱ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል ይበራል፤ የድምፅ እጥፍ! የሚያቆመው ምን መሰለዎ? የቡና ሲኒዎ ዘመድ የሆነው ሴራሚክ! ከጥይቱ ስለሚጠነክር ያደቅቀዋል፤ ራሱም እዚያው ይሰነጠቃል። ፍርስራሹን ከኋላ ያለው ንብርብር ይለቅመዋል።

ከፌስታል ጋር አንድ ዘር የሆነ ሰደርያም አለ! ፖሊኤትሊን ነው፤ ሞለኪውሎቹ ግን እጅግ ረጃጅም ናቸው። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል!

ዛይሎን የተባለው ክር ከኬቭላር ይበልጥ ጠንካራ ነበር። ምን በላው? እርጥበትና ብርሃን! በ2005 የአሜሪካ መንግሥት ከዛይሎን ለተሠሩ ሰደርያዎች የሰጠውን ዕውቅና አነሳ። ኬቭላርም ቢሆን ፀሐይና በረኪና አይወድም፤ ሲርስም ክሮቹ ስለሚንሸራተቱ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ጩቤስ? ጥይት የሚያስቆም ሰደርያ ሁሉ ጩቤ አያስቆምም! ቀጭን ሹል ነገር በክሮቹ መካከል ሾልኮ ያልፋል።

ስቴፋኒ ክዎሌክ በጁን 2014 በ90 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ሳምንት ከኬቭላር የተሠራው አንድ ሚሊዮንኛ ሰደርያ መሸጡ ተነገረ!