«ሞተሩን ሸጠኸዋል!» ወንድማማቾቹን ያጣላችው ጀልባ

ጀልባም እንደ ሰው አመል አላት። አፍንጫዋን ሽቅብ ሰቅላ፣ ኋላዋን ውሃ ውስጥ ዘፍቃ፣ ቤንዚን እየጠጣች የምታዘግም የሞተር ጀልባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነጂው ከፊቱ ያለውን አያይም። ኋላ የተቀመጡት ይረጥባሉ። ሞተሩ ይጮኻል፤ መንገዱ ግን አልገፋ ይላል። በዚህን ጊዜ ከባለጀልባው አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ጉልበት አነሳት!» ከዚያ ትልቅ ሞተር ፍለጋ ይሮጣል።

እኔ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጎድላት ሚዛን ነው እላለሁ። ለሚዛን ደግሞ መድኃኒቱ ብዙ ነው። በነጻ የሚገኝ አለ፤ በትንሽ ገንዘብ የሚገኝ አለ፤ በመጨረሻም ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣው «ትሪም ታብ» የሚባለው አለ። ችግሩ ሰው ከመጨረሻው መጀመሩ ነው። ይህ ደግሞ ኪስ ብቻ ሳይሆን ወንድማማችነትንም ይጎዳል። እንዴት? አትሉም?

ጠቡ እንዴት ተነሳ?

ታላቅየው የሚኖረው አሜሪካን አገር፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ታናሽየው ባሕር ዳር። ታላቅ ገንዘቡን አወጣና ርዝመቷ 5 ሜትር ከግማሽ የሆነች የፋይበር ግላስ ጀልባ 40 የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተር ጋር ተገዛች። ታናሽ ጣና ላይ እንግዳ ሊያመላልስባት፣ ትርፉን እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። መልካም ሐሳብ ነበር።

ታላቅ ራሱ ፖቶማክ ወንዝ ላይ የምትንሳፈፍ፣ ርዝመቷም ሞተሯም ተመሳሳይ የሆነ ጀልባ አለችው። ለእረፍት አገር ቤት መጣና በወንድሙ ጀልባ ተሳፈረ። ጀልባዋ አፍንጫዋን እንደሰቀለች ዘጌ ደረሰች፤ እንደሰቀለች ተመለሰች። ሰውዬው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማታ ቤት ሲገቡ ግን ፈነዳ። «የኔዋ በዚሁ ሞተር ትበርራለች፤ ይህቺ ትንፏቀቃለች። ጥሩውን ሞተር ሸጠኸዋል! ሌላ ገጥመህ ነው የምታታልለኝ!»

ታናሽ «ጋሼ፣ እናቴ ትሙት አልነካሁትም» ብሎ ቢምልም ሰሚ አላገኘም። ሳምንት ተኮራረፉ። እናት አለቀሱ። ሞተር ስለምነካካ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሁን ተባልኩ። እኔም «ሽምግልናው እውሃው ላይ ይሁን» አልኩ።

ሰባቱን ፈረስ ማን ሰረቀ?

መጀመሪያ ያየሁት የሞተሩን ቁጥር ነው። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ከጀልባዋ ጋር በሚታሰርበት ቅንፍ ላይ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። ከመግዣው ደረሰኝ ጋር አስተያየነው። ያው ራሱ ነው! ታላቅ ዝም አለ።

ታዲያ ጉልበቱ የት ሄደ? ጣና ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ፖቶማክ ግን ዋሽንግተን ሲደርስ ከባሕሩ ጋር እኩል ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ይሞላል፣ ሲጎድል ይጎድላል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየር ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ያለ አየር ቤንዚን ብቻውን ምን ያደርግለታል? ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። እንግዲህ አስሉት፤ ለ1,800 ሜትር 18 በመቶ። የ40 ፈረሱ ሞተር ጣና ላይ ወደ 33 ይወርዳል። ሰባቱን ፈረስ ማንም አልሰረቀም፤ ከፍታው ነው የበላው!

የዚህ መድኃኒት በቅድሚያ ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር አንድ ጊዜ ሲዞር ወደፊት ሊገፋ የሚችለው ርቀት «ፒች» ይባላል፤ በኢንች ይለካል። ባሕር ጠረፍ ላይ 13 የሚበቃው ሞተር ከፍታ ላይ 11 ሊሻለው ይችላል። መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሶ እንደሚወጣ ማለት ነው። ትክክል መሆኑን የምታውቁት ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡት የሞተሩ ዙር መመሪያው ላይ ከተጻፈው ክልል ሲገባ ነው። ካነሰ ፕሮፔለሩ ከብዶታል፤ ካለፈ ቀልሎታል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነም ከፍታው ላይ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት መካኒክ ያስተካክለው።

ታናሽም ንጹሕ አልነበረም

ጀልባዋ ላይ የተለጠፈው የአምራቹ ሰሌዳ 7 ሰው ይላል። ታናሽ ግን 9 ሰው ይጭናል። በዚያ ላይ ጥላው ከኋላ በኩል ስለሆነ እንግዳው ሁሉ ወደዚያ ይታጨቃል። ባትሪው ኋላ፣ መልሕቁ ኋላ፣ ሦስት ጀሪካን ቤንዚን ኋላ፣ ነጂው ራሱ ኋላ! 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሦስት ጀሪካን 45 ኪሎ። ታዲያ አፍንጫዋ ሰማይ ብታይ ምን ይገርማል?

ሁለቱን ሰዎች አወረድን። ጀሪካኖቹንና መልሕቁን ወደ መሐል አምጥተን አሰርናቸው። ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱን ከፊት አስቀመጥን። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ አፍንጫዋ ዝቅ አለ። ልብ በሉ፣ ሁሉንም ከፊት መከመርም ልክ አይደለም፤ ያን ጊዜ ደግሞ አፍንጫዋ እንደ ማረሻ ውሃውን ማረስ ይጀምራል።

ቀጥሎ የሞተሩ አቀማመጥ ነው። የሞተሩ እግር ወደ ጀልባዋ ሲጠጋ አፍንጫዋ ይወርዳል፤ ሲርቅ ይነሳል። በትልልቆቹ ላይ በቁልፍ ይስተካከላል። በትንንሾቹ ላይ ቅንፉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገባ ዘንግ አለ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ይለወጣል። በቁልፍ የሚስተካከል ከሆነ ስትነሱ አስጠጉት፤ ጀልባዋ ከውሃው በላይ ወጥታ መንሸራተት ስትጀምር ቀስ እያላችሁ አርቁት። ሞተሩ በድንገት ጮሆ ግፊቱ ከቀነሰ አብዝታችኋል፤ ትንሽ መልሱት።

ትሪም ታብ ማለት ምን ማለት ነው?

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጀልባዋ አሁንም ከተንጋለለች፣ ወይም ወደ አንድ ጎን ካጋደለች፣ ያን ጊዜ ትሪም ታብ ይታሰብ። ነገሩ ቀላል ነው። ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ግርጌ፣ በግራና በቀኝ፣ በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት የማይዝግ ብረት ምላሶች ናቸው። ምላሱ ወደ ታች ሲወርድ የሚሮጠው ውሃ ይመታውና ኋላዋን ወደ ላይ ይገፋል። ኋላዋ ሲነሳ አፍንጫዋ ይወርዳል።

የግራው ብቻ ሲወርድ ግራ ኋላዋ ይነሳና በቀኝ በኩል ያለው አፍንጫዋ ይወርዳል። ለዚህ ነው በብዙ ጀልባዎች ላይ የግራው ቁልፍ የቀኙን ምላስ የሚያዝዘው፤ ግራውን ስትጫኑ ግራ አፍንጫዋ እንዲወርድ ተብሎ። ጀማሪውን ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ተጫኑና የትኛው እንደሚንቀሳቀስ በዓይናችሁ እዩ።

ስትገዙ

አንደኛ፣ መጠኑ። የተለመደው ስሌት ለጀልባዋ ርዝመት ለእያንዳንዱ ሜትር 8 ሴንቲሜትር ያህል የምላስ ስፋት ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን። ለ5 ሜትር ከግማሿ 45 ሴንቲሜትር ያህል ማለት ነው። የተለመደው ርዝመቱ ደግሞ 23 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በሁለት መጠን መሐል ከተጠራጠራችሁ ትልቁን ውሰዱ። ትልቁ በትንሽ ዝቅታ ይበቃዋል፤ ትንሹ ግን ብዙ ካልወረደ አይሠራም፤ ብዙ ሲወርድ ደግሞ ጀልባዋን ይጎትታል። ምላሱ ከፕሮፔለሩ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ።

ሁለተኛ፣ ዓይነቱ። በዘይት ግፊት የሚሠራ አለ፤ «ቤኔት» በዚህ ይታወቃል። እያንዳንዱ ክንድ ውስጥ በተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ አለ፤ «ሌንኮ» በዚህኛው ይታወቃል። ሁለቱም ባትሪ ይፈልጋሉ። ሞተራችሁ ባትሪ የማይሞላ፣ በገመድ የሚነሳ ከሆነ ሦስተኛው ይሻላችኋል፤ የመኪና የኋላ በር ከፍቶ እንደሚይዘው ያለ የጋዝ ክንድ ያለው። ፍጥነት ሲነስ ራሱ ይወርዳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ውሃው ይገፋውና ይነሳል። ርካሽ ነው፤ ሽቦ የለውም። ጉድለቱ፣ እየሄዳችሁ ግራና ቀኙን ለየብቻ ማዘዝ አትችሉም።

ሦስተኛ፣ አገጣጠሙ። የምትበሱት ከውሃ በታች ያለውን ግድግዳ ነው! በብዙ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች ግድግዳው ውስጥ እንጨት አለ። ውሃ ከገባው ከውስጥ ይበሰብሳል፤ አንድ ቀን ሞተሩን ይዞ ይገነጠላል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለጀልባ በተሠራ ማሸጊያ ይዘጋ። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ይዛችሁ እንዳትመጡ!

ስትነዱ

ስትነሱ ምላሶቹን አውርዱ፤ ጀልባዋ ቀና ስትል ቀስ በቀስ አንሱ። ቁልፉን ይዛችሁ አትቅሩ። ነካ አድርጉ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፣ ምን እንዳመጣ እዩ፣ ደግሞ ነካ አድርጉ። በርበሬ እንደሚቆነጥር ሰው ሁኑ። መሪው ከከበዳችሁና ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ ከሳበቻችሁ አብዝታችኋል። እንደ ፈረስ ከፍ ዝቅ እያለች የምትጋልብ ከሆነ ደግሞ ጥቂት አውርዱ። የጎን ነፋስ ወደ ነፋሱ ካጋደላት በነፋሱ በኩል ያለውን ምላስ ጥቂት አውርዱ። የኋላ ማርሽ ከማስገባታችሁ በፊት ሁለቱንም አንሱ።

ማዕበል ከፊት ሲመጣ ጥቂት ማውረድ ጥሩ ነው፤ አፍንጫዋ ማዕበሉን ይቆርጣል፣ የተሳፋሪ ወገብም ይድናል። ከኋላ ሲመጣ ግን፣ አደራ፣ ሙሉ በሙሉ አንሱ! አፍንጫዋ ዝቅ ብሎ ሳለ ማዕበል ከኋላ ከገፋት አፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ይሰካል፤ ኋላዋ ይዞራል፤ ጎኗን ለማዕበል ትሰጣለች። ከዚያ መገልበጥ ነው።

ይህ ለጣና ሰው ተረት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ምድሩ ሲግል ነፋስ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል። ከደሴቶቹ ወደ ባሕር ዳር ስትመለሱ ማዕበሉ ከኋላችሁ ነው። ጠዋት የጠቀመቻችሁ ምላስ ከሰዓት ልትገድላችሁ ትችላለች።

እምቦጭም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ የጀልባ ሁሉ ጠላት ነው። ምላሱና ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ጀልባዋ ትሰንፋለች። ሞተሩን አጥፍታችሁ አጽዱ፤ ሞተር እየዞረ እጅ አይሰደድም!

እርቁስ?

ወረደ። ታላቅ «60 ፈረስ እገዛለሁ» ያለውን ተወ። የጀልባዋ ሰሌዳ የሚፈቅደው የሞተር ጉልበት ወሰን አለው፤ ትልቅ ሞተር ደግሞ ራሱ ስለሚከብድ ኋላዋን ይብስ ይዘፍቀዋል። በዚያ ፈንታ ፒቹ ዝቅ ያለ ፕሮፔለርና የጋዝ ክንድ ያላቸው ምላሶች ሊልክ ቃል ገባ። ታናሽ ደግሞ ከ7 ሰው በላይ ላይጭንና ለሁሉም ላይፍ ጃኬት ሊያለብስ በእናቱ ፊት ማለ። ገቢው በሁለት ሰው ይቀንሳል፤ ይህን ታላቅየው ራሱ «ይቅርብን» ብሎ ተቀበለ። ከፍ ብሎ «ሸጠኸዋል» ያለበትንም አፍ ዝቅ ብሎ «ይቅር በለኝ» አለበት። ጋሼነት እንዲህ ነው።

እናንተም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቅደም ተከተሉን ያዙ፤ በመጀመሪያ የሰውና የዕቃ ክብደት፣ ቀጥሎ የሞተሩ አቀማመጥ፣ ቀጥሎ ፕሮፔለር፣ በመጨረሻ ትሪም ታብ። በእያንዳንዱ ደረጃ በሞባይላችሁ ጂፒኤስ ፍጥነቱን መዝግቡ፤ ወረቀት አይዋሽም። አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። ትሪም ታብ ከመጠን በላይ የጫነችን ጀልባ ቀና አድርጎ ያሳያል እንጂ አያቀላትም። ቀና ብላ የምትሄድ ሁሉ ደህና ናት ማለት አይደለም። ስንት ሰው አለ፣ ላዩ ቀጥ ብሎ ውስጡ ሸክም የበዛበት!

መልካም ጉዞ፤ ነፋሱን ያለዝብላችሁ!