የ1967ቱ አዋጆች በሐረር

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በሐረር ይህ ነገር ቀላል አልነበረም፤ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖሩ ብዙ የሐረሪ ቤተሰቦች ኑሯቸው ከግንቡ ውጭ ባለ የእርሻ መሬት ላይ የቆመ ነበር፤ አራሾቹም በአብዛኛው ኦሮሞ ገበሬዎች ነበሩ። አዋጁ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በቅጥር ጉልበት ማሳረስንም፣ ከአቅመ ደካሞች በቀር፣ ከለከለ። ገበሬው ከጭሰኝነት ወጣ፤ የከተማው ባለመሬት ገቢውን አጣ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ተላለፈ።

የዘመኑ ግራ ዘመም ድርጅቶች በመሬቱ ጉዳይ እምብዛም አልተጣሉም፤ «መሬት ለአራሹ» ከ1957 ጀምሮ የተማሪዎች መፈክር ነበር። የተጣሉት በአስፈጻሚው፣ ማለትም በወታደራዊው መንግሥት በደርግ፣ ጉዳይ ነው። አንዱ ድርጅት መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እየሰጡ ሕዝቡን ማደራጀት ይሻላል አለ፤ ሌላው ኢሕአፓ ግን ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ካልቆመ የወታደር ሶሻሊዝም ከንቱ ነው ሲል ተከራከረ። ሙግቱን የፈታው ክርክር ሳይሆን ጥይት ነው፤ ደርግ ሁለቱንም ደመሰሰ።

የዚያ ዘመን የመንግሥት ሀብት ሁሉ በመንግሥት እጅ አልቀረም፤ በደርግ ዘመን በመንግሥት ገንዘብ የተቋቋመው የሐረር ቢራ ፋብሪካ በ2003 ዓ.ም. ለሆላንዱ ሄኒከን ተሸጧል። መሬት ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፣ አይለወጥም።