ውሃው ከየት ተቀዳ?

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላል ያገራችን ሰው። ሳይንስም ማጣራት ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን ከተማ ኮሌራ ገባ። በአንድ ሰፈር ብቻ በ10 ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ ብዙው ሰው፣ የተማረውም ሳይቀር፣ በሽታውን የሚያመጣው መጥፎ ሽታ ነው ይል ነበር።

ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን በየቤቱ ዞሮ ጠየቀ። ማን ሞተ? የሚጠጣውን ውሃ ከየት ይቀዳ ነበር? ቆጠረ፤ ጻፈ። አብዛኞቹ ሟቾች ከአንድ ጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሆነው ተገኙ። እዚያው አጠገብ ቢራ የሚጠምቁ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩ። እነሱ ቢራ እንጂ ያንን ውሃ አይጠጡም፤ በኮሌራ የሞተባቸውም የለም። ገዳዩ ሽታ ቢሆን ኖሮ እነሱስ መች ይተርፉ ነበር?

ስኖው ይህን ሲያስረዳ የውሃው መሳቢያ እጀታ ተነቀለ። በኋላ ሲቆፈር፣ አጠገቡ ያለ የዓይነ ምድር ጉድጓድ ወደ ውሃው ይሰርግ እንደነበር ታወቀ። ለንደንም ውሎ አድሮ ትልልቅ የፍሳሽ ቦዮች ሠራች። ከ1866 ወዲህ ትልቅ የኮሌራ ወረርሽኝ አልገባባትም።

ኮሌራ ባገራችን ዛሬም አለ። እኛም ፊደል ቆጥረናል። በመንደራችን ተቅማጥ ሲበዛ፣ ስንት ሰው እንደታመመና ውሃ ከየት እንደቀዳ ጽፈን ለጤና ሠራተኛ እንንገር። እስኪጣራ ድረስ ውሃውን አፍልተን እንጠጣ። መጸዳጃችንን ከውሃው አርቀን እንቆፍር። መጠየቅና መቁጠር ገንዘብ አያስወጣም፤ ነፍስ ግን ያድናል።