በቆሎ ያለ ኖራ፦ የጥንት አሜሪካ ሥልጣኔዎች ማዕድና የእኛ ሕሙማን

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ባሉት መንገዶች ዳር፣ እሸት በቆሎ በከሰል ፍም ላይ ሲጠበስ ይታያል። ገዢው እህሉን እንደ ጤፍና እንደ ገብስ ጥንተ ኢትዮጵያዊ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። በአንዳንድ አካባቢ የተሰጠው "የባሕር ማሽላ" የሚለው የቆየ ስም ግን ከየት እንደ መጣ ይመሰክራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ማለት ነው። በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንችም መነሻቸው አሜሪካ ነው። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ሲሆን ዘመኑም 1858 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህን አዝርዕት ያላመዱ ሕዝቦች እንዴት ይመገቧቸው እንደ ነበር ማወቅ ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ለሐኪምም ይጠቅማል።

በቆሎ ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ ሜክሲኮ፣ ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር ተላመደ። የቴኦሲንቴ ፍሬ እጅግ ጥቂትና ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ያለው ነው። ዛሬ የምናውቀው ዛላ የብዙ ትውልድ ገበሬዎች ምርጫ ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ የተነሡት የማያ ከተሞች፣ ታላቂቱ ቴዎቲዋካን፣ በ1325 በሐይቅ ላይ የተቆረቆረችው የአዝቴኮች መዲና ቴኖችቲትላን፣ ሁሉም በዚህ እህል ላይ የቆሙ ነበሩ። ገበሬው በቆሎን ለብቻው አይዘራም ነበር። ሚልፓ በሚሉት ማሳ ውስጥ ቦሎቄ በበቆሎው አገዳ ላይ ይጠመጠማል፤ ዱባ ደግሞ መሬቱን ይሸፍናል። ማሳው ላይ አብረው የበቀሉት በማዕድ ላይም አብረው ይቀርባሉ፤ የበቆሎውን የፕሮቲን ጉድለት ቦሎቄው ይሞላል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የወጥ ቤቱ ሥራ ነው። የደረቀው በቆሎ ኖራ ወይም አመድ በተጨመረበት ውኃ ይቀቀላል፤ ሌሊቱን በዚያው ውኃ ያድራል። በማግሥቱ ይታጠባል፤ ልጣጩ ተልጦ ይሄዳል፤ ከዚያም በድንጋይ ወፍጮ ላይ በመጅ ተፈጭቶ ሊጥ ይሆናል። ሊጡም በምጣድ ላይ እንደ ስስ ቂጣ ይጋገራል። አዝቴኮች ይህን ዝግጅት ኒሽታማል ይሉት ነበር፤ ቃሉ ከአመድና ከሊጥ የተጣመረ ነው። ለዚህ ሥራ ያገለግሉ እንደ ነበር የሚታመኑ ዕቃዎች በጓቲማላ ደቡባዊ ጠረፍ የተገኙ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 1500 ዓመት ይገመታል።

ምክንያቱን የምናውቀው ዛሬ ነው። በበቆሎ ውስጥ ኒያሲን (ቫይታሚን ቢ3) አለ፤ ነገር ግን አብዛኛው ከሌሎች ውሑዶች ጋር ተጣብቆ የተያዘ ስለሆነ አንጀት ሊመጠው አይችልም። ኖራና ሙቀት ሲተባበሩ ይህን ማሰሪያ ይፈቱታል። ሰውነታችን ኒያሲንን ትሪፕቶፋን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም 1 ሚሊ ግራም ለማግኘት 60 ሚሊ ግራም ትሪፕቶፋን ያስፈልገዋል። በቆሎ ደግሞ በትሪፕቶፋን ድኻ ነው። ስለዚህ ኖራው ቢቀር እንኳ ቦሎቄው ይደርሳል፤ ሁለቱም ሲቀሩ ግን በሽታው ይመጣል።

እነዚያ ሥልጣኔዎች ከጉድለት ነፃ ነበሩ ለማለት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት በዲክሰን ማውንድስ የተቆፈሩ መቃብሮች እንዳሳዩት፣ ሕዝቡ ከአደንና ከለቀማ ወደ በቆሎ እርሻ አዘንብሎ በሄደ ቁጥር በጥርስ ኢናሜል ላይ የዕድገት መቋረጥ ምልክቶችና ከደም ማነስ ጋር የሚያያዙ የራስ ቅል ለውጦች በዝተዋል። በአንድ እህል ላይ መደገፍ ዋጋ ያስከፍላል፤ ፈጣሪዎቹንም አልማረም።

ከ1492 በኋላ በቆሎ ባሕር ሲሻገር ዘሩ ብቻ ተሻገረ፤ ኖራው እዚያው ቀረ። በ1735 ስፔናዊው ሐኪም ጋስፓር ካሳል በአስቱሪያስ ድኻ ገበሬዎች ላይ ቆዳን የሚያበላሽ አዲስ ሕመም ተመለከተ። በ1771 ጣሊያናዊው ፍራፖሊ "ሻካራ ቆዳ" በሚል ትርጉም ፔላግራ ብሎ ሰየመው። ብዙዎች ተላላፊ ነው ብለው ሲፈሩት ኖሩ። ከ1914 ጀምሮ ጉዳዩን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የመረመረው ጆሴፍ ጎልድበርገር ግን በማሳደጊያዎችና በአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች ውስጥ የሚታመሙት ነዋሪዎቹ ብቻ፣ ሠራተኞቹ ግን የማይታመሙ መሆናቸውን አስተዋለ፤ ጀርም እንዲህ አይመርጥም። በ1915 በሚሲሲፒ፣ ይቅርታ ቃል የተገባላቸው 11 እስረኞች በአመዛኙ በቆሎ የሆነ ምግብ ሲመገቡ ቆይተው 6ቱ በሽታውን አሳዩ። እንዲህ ያለ ምርምር በዛሬው የሥነ ምግባር መመዘኛ አይፈቀድም። የሚድንበትን ንጥረ ነገር፣ ኒኮቲኒክ አሲድን፣ ኤልቬየም በ1937 ለየ።

በሽታው የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1990 በማላዊ በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች መካከል፣ በራሽኑ ውስጥ ይሰጥ የነበረው ኦቾሎኒ ሲቋረጥ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰዎች በፔላግራ ታመዋል። በቆሎው አልተቋረጠባቸውም፤ የጎደለው አጃቢው ነበር።

በአገራችን በቆሎ በምርት መጠን ከአዝርዕት ሁሉ ቀዳሚ ከሆነ ሰንብቷል። ኖራ ሳንጠቀም እንደ ጎርፍ ያለ ፔላግራ ያልገጠመን በእኔ ግምት የማዕዳችን አሠራር ስለ ረዳን ነው። የእኛ ቦሎቄ ሽሮው፣ ምስሩና ክኩ ነው። እሸት በቆሎ ደግሞ ከደረቀው ይልቅ ለሰውነት የሚደርስ ኒያሲን አለው። ቡናችንም ድርሻ አለው፤ በጥሬው ፍሬ ውስጥ ያለው ትሪጎኔሊን በሚቆላበት ጊዜ ከፊሉ ወደ ኒያሲን ይለወጣል። ሽሮውን መግዛት ያቃተው፣ በቆሎ ቂጣና ሻይ ብቻ የሚበላ ቤተሰብ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው።

የምግብ ምክር ስንሰጥ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። የምግብ ይዘት ሠንጠረዦች በአብዛኛው የሚያሳዩት ጠቅላላውን የኒያሲን መጠን እንጂ የሚመጠጠውን አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በቆሎ በቂ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የአገራችን የሥነ ምግብና የጤና ምርምር በ1995 በአንድ ጣሪያ ሥር የተዋሐደበት፣ ሰፈሩም እስከ ዛሬ "ፓስተር" በሚለው በጉለሌው ተቋም ቅርብ የምንሠራ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ልዩነት ለበሽተኞቻችን በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት አያቅተንም።

ምልክቱን የማያውቅ ባለሙያ አጠገቡ ያልፈዋል። ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ፣ በሁለቱም እጆች ጀርባ፣ በክንድና በእግር፣ በአንገትም ዙሪያ እንደ ሐብል ሆኖ፣ ድንበሩ የተለየና በግራና በቀኝ ተመሳሳይ የሆነ ቁስለት ይወጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ እምብዛም አይታይም፤ የሚታየው መጥቆር፣ መሰንጠቅና መቀረፍ ነው። ሕመምተኛው "ምች መታኝ" ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ፀሐይን መክሰሱ ከፊል እውነት አለውና ቃሉን አንናቀው። ተቅማጥ፣ የአፍና የምላስ መቁሰል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርትና የአእምሮ መታወክ ይከተላሉ። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

ከድህነት ሌላ ሁለት ነገሮች ይጠየቁ፦ አልኮልና አይሶኒያዚድ። አይሶኒያዚድ ቫይታሚን ቢ6ን ስለሚያጓድል ትሪፕቶፋን ወደ ኒያሲን እንዳይለወጥ ያደርጋል። በ2022 ከማላዊ የወጣ ጥናትም መድኃኒቱን በሚወስዱ አዋቂዎች ላይ ፔላግራ ጎልቶ መታየቱን አመልክቷል። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚወስድ፣ በቆሎ የሚያዘወትር ሰው የእጁ ጀርባ ከጠቆረ ፒሪዶክሲን እየወሰደ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ሕክምናው ኒኮቲናማይድ በቀን 300 ሚሊ ግራም፣ ተከፋፍሎ በአፍ የሚሰጥ፣ ለ3 እስከ 4 ሳምንት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች የቢ ቫይታሚኖችም ስለሚጎድሉ የቢ ቫይታሚን ድብልቅ ይጨመርበታል። ኒኮቲኒክ አሲድ ፊትን ስለሚያቃጥልና ስለሚያቀላ ኒኮቲናማይዱ ይመረጣል። የአእምሮ ምልክቶቹና የምላሱ ሕመም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሻሻሉ ቆዳው ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያው ከፀሐይ እንዲሸፈን ይመከራል።